የዘምዘም ብረት

ብረቶቹ አልነበሩም።

ዘምዘም የቆርቆሮውን በር ገፍታ ስትገባ ያየችው፣ በግቢው መሐል ባዶውን የቀረውን ቦታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከባድ ነገር ሲያርፍበት የኖረው አፈር ጎድጉዶ ጠንክሯል፤ ከዚያ ተነሥቶ እስከ በሩ ድረስ አንድ ነገር የተጎተተበት መስመር አሸዋውን ሰንጥቆት ይታያል። መስመሩን በዐይኗ ተከተለችው። ስትገባ ሳታየው ረግጣው ነበር። ዕለቱ ጁምዓ ነው፣ ከሰው ቤት ሥራ የምታርፍበት ብቸኛ ቀን። ጧት ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ የካርቱሙ የሳጃና ሰፈር ግድግዳዎች የትናንቱን ሙቀት ተንፍሰው ሳይጨርሱ የዛሬው ተደርቦባቸዋል።

የግቢው ተከራይ እትዬ ወሰንየለሽ የቤቷ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ሆስፒታል ልብስ ስታጥብ አድራ መመለሷ ነው፤ ጣቶቿ ከሳሙናው የተነሣ ነጥተው ተጨማድደዋል።

«ባልሽ ነው» አለች፣ ሰላምታ ሳትጠብቅ። «ከወንድሙ ጋር፣ እኔ ሳልገባ። አከራዩን ቀስቅሰው፣ ሴቶች እዚህ ግቢ ብረት ይዘው እንደሚሰበሰቡ ፖሊስ ሰምቷል አሉት። እሱ ደግሞ የፖሊስ ስም ሲጠራ ራሱን አያውቅም። በሩን ከፍቶ፣ አብሮ ተሸክሞ፣ መኪና ላይ ጭኖ ሸኛቸው።»

«ወዴት ወሰዱት?»

«ድልድዩን ተሻግረው ባሕሪ፣ ባልሽ ብረት ወደሚቆርጥበት ዋርሻ። ዛሬ ዝግ ስለሆነ ማንም ሳያየው በእሳት ቆራርጦ ሊጥለው ነው። አከራዩ ሲያወሩ የሰማው ይኸን ነው።»

ዘምዘም አልተቀመጠችም። ንዴቱ የጀመራት ከመዳፏ ነው። ክብደት የምታነሣበት ዘንግ ያደነደነው የመዳፏ ቆዳ የሚጨብጠው ነገር አጥቶ ራሱን በራሱ ጨበጠ፤ ከዚያ ወደ ክንዷ፣ ከክንዷ ወደ አንገቷ ወጣ። ንዴቷ የሚገባው ሰው ግን እዚህ ግቢ አልነበረም።

ብረቶቹ ለሌላ ሰው ከቁራሌ ዕቃ አይለዩም ነበር። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ረጅም ዘንግ፣ አራት ከባድ ክብ የሞተር ቮላኖዎች፣ መሐላቸው የተበሳ ሁለት ትንንሽ ክብ ብረቶች። ወሰንየለሽ ከየጥራጊው ለቅማ፣ በልብስ ማጠቢያው ሚዛን መዝና፣ የእያንዳንዱን ኪሎ በነጭ ቀለም ጽፋበታለች። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን በመተማ ተሻግራ ካርቱም ከመግባቷ በፊት፣ በጦሩ የስፖርት ክለብ አሎሎ ወርዋሪ ነበረች። ክለቡ ከፈረሰ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ የአሰልጣኞቿ ዕውቀት ግን አብሯት ተሻግሯል።

ዘምዘምን ያገኘቻት አንድ የጋዝ መሸጫ በር ላይ ነው። ዘምዘም ሲሊንደር ልታነሣ ጎንበስ ብላ ወገቧ እዚያው ያዛት፤ ቀና ማለት አቅቷት እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። አንዲት ግዙፍ ሴት ከኋላዋ መጥታ፣ ምንም ሳታዝንላት፣ «በወገብሽ አይደለም የሚነሣው፣ በጭንሽ ነው» አለቻት። «ሸክሙ ካልቀረልሽ አነሣሡን ተማሪ።»

ተማረች። በመጀመሪያው ጁምዓ ያነሣችው ባዶውን ዘንግ ብቻ ነበር። በወሩ የወገቧ ሕመም ቀለል አለ፤ በስድስት ወሩ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ግን ከሕመሙ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ውሃ፣ የሰው ምንጣፍ፣ የሰው አሮጊት እናት ስታነሣ የኖረች ሴት፣ በሳምንት አንድ ቀን ማንም የማይጠቀምበትን ሸክም አንሥታ መልሳ እዚያው ታስቀምጠዋለች። ብረቱ የትም አይደርስም። የሚጓዘው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ሰባ፣ ዘጠና አምስት። ዛሬ መቶ ኪሎ ልትሞክር ነበር የመጣችው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል እየወለወለች በልቧ ደጋግማ አንሥታዋለች።

ባሏ ኑርሁሴን መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። መሳቁን የተወው የሳጃና ካፌ ወንዶች መሳቅ ሲጀምሩ ነው። አንዱ «ለመሆኑ ቤት ውስጥ ማን ነው ማንን የሚያነሣው?» ብሎት፣ ያን ቀን ራቱን ሳይበላ ተኛ። ቀጥሎ ከወሎ የእናቱ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት መጣ። እናቱ በካሴቱ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ጠርተው ሰላም ካሉ በኋላ ትንሽ ቆይተው «ልጅስ?» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ካሴቱ እስኪያልቅ ሌላ ድምፅ አልነበረበትም። ያንን ዝምታ የተረጎመለት ታላቅ ወንድሙ ኢስሐቅ ነው። ብረት የምታነሣ ሴት ማሕፀኗ ልጅ አይዝም አለው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም አስቀምጠው ተይ አሏት። አልተወችም።

«አብሬሽ ልሂድ?» አለች ወሰንየለሽ።

«አይሆንም። እትዬ ይተኙ፣ አድረው ነው የመጡት።»

«ሄደሽ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ብረቱን ላመጣ ነው» አለች ዘምዘም፣ ሻርፗን ፀጉሯ ላይ እያጠበቀች።

የተሳፈረችበት ሀፍላ የጁምዓውን ጭር ያለ መንገድ ይዞ ወደ ባሕሪ ድልድይ ወጣ። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ አቧራና የናፍጣ ሽታ አለው። ከታች ዓባይ ጎድሎ፣ ደሴት ደሴት አውጥቶ ተኝቷል። ዘምዘም ወደዚያ ማዶ ስትሻገር ወደ ግራ ተመልክታ አታውቅም፤ ዛሬ ተመለከተች። ባለ ሦስት ፎቁ ቤት እዚያው ነው። ቀለሙን ቀይረውታል።

የዛሬ አምስት ዓመት እዚያ ቤት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ዛሂራ የምትባል ሴት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የውሃ መሳቢያው ተበላሽቶ ጥገናው አሥራ አንድ ቀን ሲፈጅ፣ የዘጠኝ ሰው ውሃ ከምድር ወደ ላይ የወጣው በዘምዘም ክንድ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ጀሪካን፣ ስልሳ ሁለት ደረጃ። ነፍሰ ጡር ነበረች። ዛሂራ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደረጃው ላይ ስታገኛት ቶቧን ሰብሰብ አድርጋ እያሳለፈቻት «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለሽ ጠንካራ ነሽ» ትላት ነበር። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ማሕፀን የሚለውን ቃል ከማንም አፍ አልሰማችም።

ይኸን ከማንም ጋር አውርታው አታውቅም። ከኑርሁሴን ጋርም ቢሆን።

የዋርሻው በር ገርበብ ብሏል። ገና ከመንገዱ ዳር የእሳቱ ፉጨት ይሰማል። ዘምዘም ስትገባ ኑርሁሴን ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ተንበርክኳል፤ ከፊቱ አንደኛው ቮላኖ ለሁለት ተቆርጦ ጠርዙ ገና ቀልቷል። የተጻፈበት ነጭ ቀለም ተቃጥሎ ቁጥሩ ጠፍቷል። የቀሩት ሦስቱ ወረፋቸውን እንደሚጠብቁ ከጎኑ ተደርድረዋል፤ ዘንጉና ሁለቱ ትንንሽ ክብ ብረቶች ግድግዳው ሥር ተጥለዋል። ኢስሐቅ ለሶላት የለበሰው ነጭ ጀላቢያ እንዳይቆሽሽ ሣጥን ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ተቀምጧል።

ቀድሞ ያያት እሱ ነው። «ዘምዘም፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ይኼ የወንዶች መዋያ ነው። ያላ፣ ወደ ቤትሽ።»

«አጥፋው» አለች ዘምዘም፣ ባሏን።

ኑርሁሴን መነጽሩን ወደ ግንባሩ አወጣው። እሳቱን ግን አላጠፋም፤ ሰማያዊው ነበልባል በእጁ በያዘው መቁረጫ አፍ ላይ አየሩን እየቀደደ ቆየ። «ላንቺው ብዬ ነው» አለ። «ሰው የሚለውን አትሰሚም። እናቴን በካሴት ሰምተሻታል። ልጅ እንዲኖረን ከፈለግን...»

«ማሕፀኔን ያበላሸው ብረት ነው?»

«ሐኪምም ይለዋል» አለ ኢስሐቅ በሱ ፋንታ። ድምፁ የመምህር ድምፅ ነበር፣ ረጋ ያለ። «አልተቆጣንሽም እኮ። ሴት ለሸክም አልተፈጠረችም፣ ይኸው ነው።»

ዘምዘም ወደ እሱ ዞረች። እስከዚህ ድረስ የመጣችው ብረቷን ይዛ ልትወጣ ብቻ ነበር፤ ይህን ዐረፍተ ነገር እስክትሰማ ድረስ ሌላ ነገር የምትናገር አልመሰላትም።

«ጋሼ ኢስሐቅ» አለች። «ባለፈው ረመዷን ሚስትዎ ከማዮ ገበያ የዱቄት ጆንያ በራሷ ተሸክማ ስትመጣ አግኝቻችኋለሁ። እርስዎ ከፊት ከፊት ነበር የሚሄዱት፣ መቁጠሪያዎን ይዘው። ያን ጊዜ ይኸን ለምን አልነገሯትም?»

«እሱ የቤት ሥራ ነው። ሌላ ነው።»

«ልክ ነው። ሌላ ነው።» ወደ ባሏ ተመለሰች። «ንገረው።»

«ምኑን?»

«ዛሂራ ቤት ውሃ ስሸከም የስንት ወር እንደነበርኩ።»

ኑርሁሴን ወንድሙን አየ፤ ከዚያ መሬቱን። ነበልባሉ ያለ ሥራ ይነድዳል።

«እንግዲያው እኔ ልንገርዎት» አለች ዘምዘም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ካደረገችው እንደሚሰበር ታውቃለች። «የስድስት ወር ነበርኩ። ውሃ መሸከም በጀመርኩ በሰባተኛው ቀን ይኼ ወንድምዎ ሊጠይቀኝ መጣ። ሆዴ ድንጋይ እየሆነ ነው፣ ወገቤ እየተቆረጠ ነው አልኩት። ኢቃማችን በዛሂራ ባል ዋስትና ሊወጣ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። እምቢ ካልኩ የመኖሪያ ወረቀቱም ይቀራል። ምን አለኝ መሰለዎት? 'ትንሽ ቻይው፣ አንቺ ጉልበት አለሽ' አለኝ። ቻልኩት። አራት ቀን ቻልኩት። ኢቃማው ወጣ። በዚያው ቀን ልጄም ወጣ።»

ኢስሐቅ ይህን አያውቅም ነበር፤ ከሩቅ የሰማው «አላህ አልፈቀደም» የሚለውን ብቻ ነው።

ኑርሁሴን የጋዙን መዝጊያ አዞረ። ፉጨቱ ሲቆም ዋርሻው በድንገት የሰፋ መሰለ።

«የረሳሽው መስሎኝ ነበር» አለ።

ዘምዘም ይህን ቃል ለመስማት የቆመች ያህል ተቀበለችው። አምስት ዓመት ዝም ያለችው ለእሱ ብላ ነው። ወንድ ነው፣ ይሰበራል፣ ካነሣሁበት ራሱን ይጠላል እያለች፣ በየሌሊቱ ጥርሷን ነክሳ የዋጠችውን ነገር እሱ መርሳት ብሎት ኖሯል። ቀለል ብሎት፣ በልቶ ጠጥቶ፣ አሁን ደግሞ ተነሥቶ ጥፋቱን ብረት ላይ ሊለጥፍ። ሊመታት ቢነሣ እንኳ እንዲህ የምትናደድ አልመሰላትም።

«ምን ነበር?» አለችው።

«ምኑ?»

«በጨርቅ ጠቅልለህ የወሰድከው። ለእኔ አላሳዩኝም። የቀበርከው አንተ ነህ። ወንድ ነው ወይስ ሴት?»

ኑርሁሴን መቁረጫውን መሬት አስቀመጠና «ሴት ናት» አለ።

ናት አለ እንጂ ነበረች አላለም። ሁለቱም ሰሙት። ኑርሁሴን በጓንቱ ፊቱን ሲያብስ ጥቀርሻው ከዐይኑ ሥር እስከ አገጩ ተለቀለቀ። በሌላ ቀን ቢሆን ዘምዘም ሄዳ በሻርፗ ትጠርግለት ነበር። ዛሬ እግሯ እንዲንቀሳቀስላት አልፈለገችም። አንድ እርምጃ ወደ እሱ ከሄደች፣ የሚያለቅሰው እሱ፣ የምታባብለው እሷ ሆነው ነገሩ ያልቃል። እንደዚያ እንዲያልቅ አልፈቀደችም።

ወደ ግድግዳው ሄዳ ዘንጉ ላይ ጎንበስ ስትል፣ የኢስሐቅ ጫማ ዘንጉን ቀድሞ ረገጠው።

«የሆነው ሁሉ ያሳዝናል» አለ። «አላህ ይተካ። ግን ባልሽ አትውሰጂ ካለሽ አትወስጂም።»

«እግርዎን ያንሡልኝ።»

«ነገርኩሽ።»

ዘምዘም እግሮቿን ከፈት አድርጋ ቆመች። በጉልበቷ ወረደች፣ ዘንጉን በሁለት በኩል ያዘች፣ ጀርባዋን እንደ ሳንቃ አቀናች። ከዚያ በእግሮቿ መሬቱን ወደ ታች ገፋችው። ኢስሐቅ ሙሉ ክብደቱን ጥሎበት ነበር፤ ዘንጉ ግን ከሥሩ ቀስ እያለ፣ ሳይቸኩል፣ ጫማውን ይዞ ተነሣ። ጉልበቱ ወደ ላይ መጣ፤ ነጩ ጀላቢያ ተሰበሰበ፤ ሚዛኑን ስቶ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገዳገደና ጀርባው ከቆርቆሮው ጋር ተጋጨ። ማንም አልሳቀም። ኢስሐቅ ራሱ የተጣለ ሰው ሳይሆን የማያውቀው ቋንቋ የተነገረው ሰው ነበር የሚመስለው።

ዘምዘም ሁለቱን ትንንሽ ክብ ብረቶች በዘንጉ ጫፍና ጫፍ አግብታ እንዳይንሸራተቱ በሽቦ አሰረቻቸው። ሻርፗን ከራሷ ፈትታ አጠፈችና አንገቷ ላይ አደረገች፤ ፀጉሯ መታየቱን ያወቀችው ቆይታ ነው። ዘንጉን ትከሻዋ ላይ ካዋለች በኋላ ከበሩ ላይ ሆና ለባሏ ተናገረች።

«ሦስቱን ቮላኖ ነገ መጥቼ እወስዳለሁ። ተቆርጠው ካገኘኋቸው ወደ ቤት አልመለስም።»

በጎኗ ዞራ ዘንጉን ከበሩ አሳለፈችው።

ሀፍላ መቆሚያው ላይ ረዳቱ ገና ከሩቅ እጁን አወዛወዘ። «ብረት አንጭንም፣ አንቺ ሀበሺያ።» ሁለተኛው መኪና ጭራሽ አልቆመም። ዘምዘም ሦስተኛውን አልጠበቀችም፤ በእግሯ ጀመረችው።

የጁምዓ አዛን ከየአቅጣጫው ሲነሣ መንገዱ ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። ፀሐይዋ አናቷ ላይ ናት። ዘንጉ የትከሻዋን ሥጋ በሻርፑ ላይ እያሳለፈ ያቃጥላል፤ ጫማዋ ከአስፋልቱ ጋር ተጣብቆ በየእርምጃው ይላቀቃል። አንድ መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች መስኮት ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጮኹባት፤ አልሰማቻቸውም። በልቧ ከኑርሁሴን ጋር ትናገር ነበር። ያልነገረችው ገና ብዙ ነበር። የደረጃውን ቁጥር አልነገረችውም። ጡቷ ወተት ይዞ ለሁለት ሳምንት እንደቆየና እየጨመቀች ኩሽና ውስጥ እንዳፈሰሰችው አልነገረችውም። ስድስት መቶ፣ ሰባት መቶ እርምጃ ያህል ተናገረችው፤ ንዴቱ አላለቀም፣ ነገር ግን ቦታ ያዘ። ከዘንጉ ጋር ትከሻዋ ላይ ተካፍሎ ተቀመጠና እንድትራመድ ፈቀደላት።

ድልድዩ መግቢያ ላይ ያለው ወታደር ከጥላው ሳይወጣ በጣቱ አስቆማት። ወጣት አይደለም፤ ጢሙ ሽበት አለው።

«አውርጂው። ምንድን ነው?»

ዘምዘም ዘንጉን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። «ብረት ነው።»

«ብረትነቱንማ አያለሁ። ለምን የሚሆን ነው?»

በዓረብኛዋ የምታስረዳበት ቃል ፈለገች። ለቤት መሥሪያ አይደለም፣ ለመሸጥም አይደለም። «የሚነሣ ነው» አለች።

«ተነሥቶስ?»

«ተመልሶ ይቀመጣል።»

ወታደሩ ትቀልድ እንደሆነ ፊቷን መረመረ። ቀልድ አጣበት። ኢቃማዋን ጠየቃት፤ አውጥታ ሰጠችው። ፎቶግራፉን ካየ በኋላ የተገለጠውን ፀጉሯን፣ በላብ የራሰውን አንገቷን፣ እጆቿን ተራ በተራ አየ። ወረቀቷን መለሰላት። ከዚያ ዐይኑ ከትከሻዋ በላይ አልፎ መንገዱ ላይ ቀረ።

«ከኋላሽ የሚመጣው ሰውዬ ካንቺ ጋር ነው?»

ዘምዘም ዞር አለች።

አስፋልቱ በሙቀት ይንቀጠቀጣል። በሚንቀጠቀጠው መሐል ኑርሁሴን ብቻውን ይመጣል። አንዱን ቮላኖ ይዟል፤ ሁለት እጁን ከሥሩ አድርጎ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ሆዱ ላይ አስደግፎታል። አነሣሡን አያውቅበትም፤ ክብደቱን ሁሉ የጣለው ወገቡ ላይ ነው። አሥር እርምጃ ያህል ሄዶ ይቆማል፤ ብረቱን ወደ ላይ ገፋ ያደርጋል፤ ይቀጥላል። መሬት ሊያስቀምጠው አልደፈረም፤ ካስቀመጠው መልሶ እንደማያነሣው ያወቀ ይመስላል። የፊቱ ጥቀርሻ ከላቡ ጋር ተደባልቆ ሸሚዙ ላይ ወርዷል። እሷ ማየቷን አይቷል። አልጠራትም፣ ጠብቂኝም አላለም።

«ስሚኝ» አለ ወታደሩ። «ካንቺ ጋር ነው ወይ?»

ዘምዘም ወደ ብረቷ ተመለሰች። እግሮቿን ከፈተች፣ በጉልበቷ ወረደች፣ የጋለውን ዘንግ በሁለት እጇ ጨበጠች። ሆዷን በአየር ሞላች። ወታደሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃት ትንፋሿን ይዛ ነበርና መልስ አልሰጠችውም።